አዳማ ላይ ነፋስ የጠፋ ዕለት

«የሶላሯን ሆድ ዕቃ ማነው ያወጣው?» ብላ ጉዲቱ ከጓዳ ስትጮህ፣ የሶላሯ ሁለት ባትሪዎች እኔ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነበሩ። እኔ ደግሞ በረንዳው ላይ የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ ሰክቼ ቆሜያለሁ። ጉዲቱ ታላቅ እህቴ ናት፤ የምኖረውም እሷ ቤት ነው፣ ሳሎን፣ በስፌት መኪናዋና በቡፌው መሀል ማታ ማታ በሚዘረጋው ፍራሽ ላይ። ያቺ ብርቱካናማ የሶላር መብራት እንዴት እንደመጣች ብታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ባሏ ነጋሳ ጂቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፤ ባለፈው ፋሲካ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር አውጥቶ ነው የገዛላት። መብራት ሲጠፋ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሚስማር ላይ ትሰቅላትና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋባታለች። እኛን ስልካችንን እንኳን ቻርጅ እንድናደርግባት አትፈቅድም። አሁን ክዳኗ የተከፈተውን፣ ሆዷ ባዶ የሆነውን መብራት እጇ ላይ ይዛ ወጣች፤ እኔን ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም፣ ቀጥ ብላ ወደ ልጇ ወደ ኢፍቱ ሄደች።

ለምን እኔን አልጠረጠረችም? መምህር ነኛ! ኢፍቱ ግን ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ያውም ሳይንስ የማስተምራት እኔ ነኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ያልነካችው ዕቃ የለም። ከአልጋ ሥር የመስኮት መስታወት አወጣች፣ የእናቷን የጨርቅ ቁርጥራጭ ሰበሰበች፣ ዱቄት በጥብጣ ሙጫ ሠራች፣ ሰፈሩን እየዞረች ሰው በልቶ የጣለውን የቺፕስ ላስቲክ ስትለቅም ከረመች። የቺፕስ ላስቲክ ውስጡ ብር ይመስል የለ? ለሳይንስ ፕሮጀክቷ የካርቶን ውስጡን ልትለብጥበት ነው። «አንቺ ነሽ! ለዛ ለካርቶንሽ ብለሽ ነው!» አለቻት ጉዲቱ። ኢፍቱ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ እንደነከረች ቀና አለች። መጀመሪያ ፊቴን አየችኝ፣ ከዛ ኪሴን። ኪሴ ደግሞ አብጦ ነበር። ተመልሳ ሻይዋን አየችና «ይቅርታ እማ፣ ለሳይንስ ነው። እመልሰዋለሁ» አለች። ጆሮዋን ተቆነጠጠች። እኔ አፌን ተጉመጠመጥኩ። አንዴ ይበቃኝ ነበር፣ አራቴ ተጉመጠመጥኩ፤ አፉ ውሃ የሞላ ሰው መናገር አይችልማ።

ቆይ ግን፣ ወዲያው እንዳትፈርዱብኝ። እኔ ከመስከረም ጀምሮ ፍራንኮ አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰባትና ስምንት ነው የማስተምረው፣ ገና በሙከራ ነው ያለሁት። የዚህ ዓመት ትምህርት ውስጥ እንደ ኃይል ምንጮች ምዕራፍ የወደድኩት የለም። የሚያልቀውን ኃይልና የማያልቀውን ለይቼ ሳስተምር ልጆቹን «እናንተ እኮ ዕድለኞች ናችሁ» ነው ያልኳቸው። እውነቴን ነው! ሌላ ከተማ ያለ ልጅ በሥዕል የሚያየውን የእኛ ልጆች ከክፍላቸው መስኮት ነው የሚያዩት፤ ኮረብታው ላይ እነዛ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ተደርድረው ሲዞሩ ይውላሉ። ቆቃ ግድብ እዚሁ ነው። ወደ ላንጋኖ ወረድ ብትሉ ደግሞ ከመሬት ሥር በሚወጣ እንፋሎት መብራት ያመነጫሉ። ፀሐይ ደግሞ፣ የአዳማን ፀሐይ ለእናንተ ምን እነግራችኋለሁ። ከዛ «ተግባር እንሥራ» አልኩና ሁሉም የራሱን ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩ። እኔ ራሴ ከተማሪዎቹ ጋር ተርባይን ሠራሁ። ሞተሩን ካረጀ ፕሪንተር ነው ያወጣነው፣ ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በሁለት መቶ ሃምሳ ብር። ክንፎቹን ከውሃ ቱቦ ቆረጥናቸው። ግቢው ውስጥ ያለው የሮቶ ማማ ላይ አስረን ሽቦውን ወደ ታች ስናወርደው፣ እመኑኝ፣ ትንሿ አምፖል ቦግ አለች! ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠራ። ተማሪዎቹ ከእረፍት አይመለሱም ነበር። ዳይሬክተራችን ጋሽ አብተው አይቶ «ይሄማ እንግዳ ሊያየው ይገባል» አለና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ጠራ። ለዓርብ፣ አራት ሰዓት።

ዓርብ ሊነጋ ሲል ከእንቅልፌ ያባነነኝ ምን መሰላችሁ? ፀጥታ። እኛ ቤት ቆርቆሮው ዓመት እስከ ዓመት ይንኳኳል፤ ነፋሱ አንዱን ጠርዝ አንስቶ ይጥለዋል፣ ጉዲቱ «ይሄ ቆርቆሮ አንድ ቀን አናታችን ላይ ይወርዳል» ስትል ሰባት ዓመቷ ነው። የዛን ቀን ግን ጭጭ። ወጥቼ የጎረቤታችንን የፓፓያ ዛፍ አየሁት፤ ቅጠሉ ፎቶ የተነሳ ነው የሚመስለው። አቧራዋ እንኳን መሬት ላይ ተኝታለች። እንግዲህ አስቡት፣ አዳማ ውስጥ፣ ነፋሷ ሰው ጃንጥላ አስጥሎ በሚያስሮጥበት ከተማ፣ በዛ ቀን፣ በእኔ ቀን! ያኔ ነው ወደ ጓዳ ገብቼ ባትሪዎቹን ያወጣሁት። ምናልባት ብዬ። ነፋሱ እስከ አራት ሰዓት ይመጣል፣ ባትሪውም ከኪሴ አይወጣም ብዬ።

ከኢፍቱ ጋር በአንድ ባጃጅ ሄድን። ካርቶኗን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች፤ የዘይት ካርቶን ነው፣ በአንድ በኩል የዘይቱ ማስታወቂያ በግማሽ ተልጦ ይታያል፣ ውስጡ በሙሉ በቺፕስ ላስቲክ ተለብጦ ያንጸባርቃል፣ ከላይ ያ የመስኮት መስታወት አለ። ባለባጃጁ በኋላ ማሳያ መስታወቱ እያየን «ሰላሳ ብር ትከፍላላችሁ፣ ካርቶኑም ሰው ነው፣ ቦታ ይዟል» አለ። ተከራክሬ ሃያ አምስት አደረግኩት። ትንሽ ሄድ እንዳልን ሸሚዙን ከደረቱ ላይ እያራገበ «ምን ጉድ ነው ዛሬ? ነፋሱም እንደ መብራቱ በፈረቃ ሆነ እንዴ?» ሲል ኢፍቱ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የሆነ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር፤ አመሰግናለሁ ልበላት ይቅርታ ጠፍቶኝ መንገዱ አለቀ። እሷ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በመሀረብ የጠቀለለቻቸውን ሁለት እንቁላሎች ሰጠችኝና «ቶኬ፣ እነዚህን ያዝልኝ፣ ካርቶኑ ይጨፈልቃቸዋል» አለችኝ። ቶኩማ ነው ስሜ፣ ቤት ውስጥ ቶኬ ትለኛለች። እንቁላሎቹን በራሷ የኪስ ገንዘብ ነው የገዛችው፣ አንዱን በአስራ ስምንት ብር። በአንድ እጄ የእሷን እንቁላል፣ በሌላ እጄ ኪሴን ጨብጬ ከባጃጁ ወረድኩ።

በሩ ላይ ዘበኛችን ጋሽ ወዬሳ «አካም ቡልቴ፣ መምህር?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ፣ «ነጋ»፣ ደህና፣ ብዬ አለፍኩ። ግቢው አምሮበታል። ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። አንዱ ቡድን ቆቃን በጭቃ ሠርቶ ውሃውን በሰማያዊ ላስቲክ አድርጎታል፣ አንዱ የላሟን እበት ወደ ጋዝ የሚቀይረውን ጉድጓድ በሰፊ ወረቀት ላይ ሥሎታል፣ ላሟ ፈገግ ብላለች። ጋሽ አብተው ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ላቡን በናፕኪን እየጠረገ ጠረጴዛዎቹን ያስተካክላል። የኢፍቱን ካርቶን ሲያይ ቆመ።

«ይሄ ካርቶን ምንድነው?»

«የፀሐይ ምድጃ ነው፣ ጋሼ። እንቁላል ይቀቅላል» አልኩት።

«በጣም ጎበዝ። በጣም ጥሩ።» ዞር ዞር ብሎ አየው፣ የዘይቱን ማስታወቂያ በጣቱ ነካ አደረገው። «ግን እንግዶቹ የሚገቡት በዚህ በር ነው... ካርቶን ደግሞ ካርቶን ነው፣ አይደል? ትንሽ ወደ ጓሮ ብናደርገውስ?»

እሱ ሳይጨርስ እኔ አንስቼዋለሁ። የፈራሁት ምን መሰላችሁ? ለእህቱ ልጅ ያዳላል እንዳይሉኝ። መምህራኑ በሙሉ ዘመዴ መሆኗን ያውቃሉ። እና ሚዛናዊ ሰው ለመምሰል ስል፣ ግቢው ውስጥ በደንብ የሚሠራውን ብቸኛ ነገር በራሴ እጅ ተሸክሜ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ወስጄ አስቀመጥኩት። ኢፍቱን «እዚህ ፀሐዩ ይበልጣል» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ ፀሐዩ እውነትም ይበልጣል። ግን ያመጣሁት ለእሱ አይደለም፣ እሷም ታውቃለች። «እሺ ቲቸር» አለች። ትምህርት ቤት ስንሆን ቲቸር ነው የምትለኝ። ተንበርክካ እንቁላሎቹን ጥቁር የተቀባች ጣሳ ውስጥ ከተተቻቸው፣ መስታወቱን ከደነች፣ ካርቶኑን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ሦስት ሰዓት ነበር።

ሦስት ተኩል ሆነ፣ ነፋስ የለም። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሆነ፣ የለም። ባንዲራው እንጨቱ ላይ እንደ ታጠበ ልብስ ተንጠልጥሏል። የእኛ ተርባይን ሮቶው ላይ ድርቅ ብሎ ቆሟል። ኮረብታውን ቀና ብዬ አየሁት፤ ትልልቆቹ እንኳን ቆመዋል፣ በስንት ሚሊዮን የተሠሩት! ጋሽ አብተው ሁለቴ መጥቶ «እህ?» አለኝ፣ ሁለቴ «ይመጣል» አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ነጭ መኪና በሩ ላይ ጡሩንባ እየነፋች ነበር። ያኔ የጫማዬን ክር እንደሚያስር ሰው ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ፣ ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ባትሪዎቹን ከአምፖሉ ሽቦ ጋር ጠመዘዝኳቸው፣ አንዷን ጫፍ ብቻ ለሰዓቱ ሳላገናኝ ተውኳት። ለአምስት ደቂቃ ነው ብዬ። ደግሞ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ትናንት ሠርቷል፣ ነገም ይሠራል፤ ዛሬ ብቻ ነው የተበላሸው፣ እሱንም ያበላሸው ሰማዩ ነው። ጠረጴዛ ሥር ሆናችሁ ስታስቡት አሪፍ ምክንያት ነው።

እንግዶቹ ሦስት ናቸው። አለቃቸው ወይዘሮ ሰብለወንጌል የሚባሉ ሽበታም፣ ፊታቸው ደስ የሚል ሴትዮ ናቸው፤ ሁለቱ ወንዶች ደብተር ይዘው ከኋላ ይከተሏቸዋል። ሀይላንድ ውሃ ተሰጣቸው፣ የፕሮግራሙ ወረቀት ተሰጣቸው፣ ወዲያው ወረቀቱን ማራገቢያ አደረጉት። ሙቀቱ እኮ የሚቻል አልነበረም። ወላጆችም፣ መምህራንም፣ ጋሽ አብተውም፣ ሁሉም ሰው በወረቀት ፊቱን እያራገበ የእኔን ጠረጴዛ ከበበ። እኔ ስለ ነፋስ ኃይል ንግግሬን አደረግኩ፣ በጣም አምሮብኝ ነበር አሉ። ከዛ እጄን ከጨርቁ ሥር ሰደድኩና ሽቦውን አገናኘሁት። አምፖሏ ቦግ! ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም ፈገግ ልል ስል ከአናቴ በላይ ድምፅ ሰማሁ፤ ቅርርርር የሚል። ተማሪዎቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩ። ተርባይኑ ይዞራል።

ሞተሩን ከሽቦው መነጠል ረስቼ! እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኳቸው፣ በራሴ ጠመኔ ሥዬ፣ «ሞተርን ብታዞሩት ኤሌክትሪክ ይሰጣችኋል፣ ኤሌክትሪክ ብትሰጡት ደግሞ ይዞርላችኋል» ብዬ። ባትሪው አምፖሉን ብቻ አይደለም ያበራው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ተርባይኔን የቤት ቬንትሌተር አደረገው። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ነፋስ አጥቶ በወረቀት እያራገበ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ነፋስ አዞረው ብሎ ለተርባይን ያጨበጭባል! አንድም አዋቂ አልጠየቀም። ከሰባተኛ ክፍል ሰይፈሚካኤል የሚባል አፉ የማያርፍ ልጅ ነው፣ «እንዴ፣ ነፋስ የለም እኮ!» ብሎ የጮኸው። ጭብጨባው እንደ መብራት ድርግም አለ። ጋሽ አብተው ልጁን በዓይኑ ሊበላው ደረሰ። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ግን ፈገግ ብለው «ልጁ እውነቱን ነው። ነፋስ ሳይኖር እንዴት ዞረ? እስቲ ከተማሪዎች የሚመልስልን አለ?» አሉ።

ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። ያንን ጥያቄ እኔ መመለስ ነበረብኝ። እጄ ግን ገና ጨርቁ ሥር ነው። ያኔ ነው ኢፍቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የመጣችው፣ እንቁላሉ እንደደረሰ ልትነግረኝ ኖሯል፣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል። ሮቶውን አየች፣ አምፖሉን አየች፣ ከዛ ጨርቁ ሥር ያለውን እጄን አየች። ከዛ እጇን አወጣች። «እኔ ልመልስ?» አለች። «ነፋስ ከመሬት ከፍ ባለ ቁጥር ይጨምራል። እኛ የቆምንበት ዛፍና ግንብ ስለሚከለክለው አይሰማንም እንጂ ላይ ላይ አለ። ኮረብታው ላይ ያሉትም ረጅም ምሰሶ ላይ የተሠሩት ለዛ ነው። የእኛም ሮቶው ላይ የተሰቀለው ለዛ ነው።» ቃል በቃል የእኔ ትምህርት ነው! ያስተማርኳትን እውነት አንድም ሳታዛንፍ አምጥታ ውሸቴ ላይ አለበሰችልኝ። ኮረብታው ላይ ያሉት ቆመው እኮ ነው! ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እንደገና ተጨበጨበ፣ አሁንስ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሰይፈሚካኤል እንኳን አጨበጨበ። ወይዘሮዋ ኢፍቱን አጠገባቸው አቁመው ስሟን ጠየቋት፣ ከሁለቱ ወንዶች በአንደኛው ደብተር ላይ ራሳቸው ጻፉት። «ሐሙስ ባቱ ላይ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን አለ። ከአዳማ ይሄ ሥራ ይሄዳል፣ የምታቀርበውም እሷ ናት» አሉ።

ከዛ ሳምቡሳና ለስላሳ መጣ። ጋሽ አብተው በሁለት እጁ ጨብጦኝ፣ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ «የቋሚነት ደብዳቤህን ሰኞ እፈርማለሁ» አለኝ፤ ላቡ ትከሻዬን አረጠበው። እኔ ሾልኬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ኢፍቱ ቀድማኝ ደርሳለች። ጋሽ ወዬሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በወረቀት ላይ ባለች ጨው እንቁላል እያጠቀሰ ይበላል። «መምህር፣ ና እስቲ እይ! ይቺ ልጅ ያለ ከሰል ቀቀለች! ባለቤቴ ትናንት አንድ ጆንያ ከሰል ሁለት ሺህ ብር ብለዋት አልቅሳ ነው የተመለሰችው፣ ለካስ ካርቶን ይበቃናል?» ይላል፣ አፉ ሞልቶ። ኢፍቱ ሁለተኛውን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ትኩስ ነው፣ አስኳሉ በደንብ በስሏል፣ ሌላ ምን ልበላችሁ፣ በቃ እንቁላል ነው። ከቆምኩበት ሆኜ በግንቡ ጥግ በኩል ነጯ መኪና ትታየኛለች። ወይዘሮ ሰብለወንጌል ገና እየተሰናበቱ ነበር፣ አንድ እግራቸው መኪናው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው መሬት። ሰላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። «እማማ፣ አንዴ ይምጡልኝ፣ የሚያዩት ነገር አለ» ማለት ነው የሚፈለግብኝ፣ በቃ ይኸው ነው። ስለ ባትሪው እንኳን ባልናገር ምድጃውን ማሳየት እችል ነበር። ጋሽ ወዬሳ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ በሩን ሊከፍት ሮጠ። መኪናዋ ወጣች። እኔ የእንቁላሉን ግማሽ ይዤ ቆሜያለሁ።

ምሳ የበላነው እቤት ነበር። ጋሽ አብተው ቀድሞ ደውሎ ነግሯታል፣ ጉዲቱ በር ላይ ነው የጠበቀችን፤ የጠዋቱን ጆሮ አሥር ጊዜ ሳመችው። ኢፍቱ ባትሪው እስከ ሐሙስ ያስፈልጋል ስትላት «ውሰጂ፣ ምን ችግር አለው፣ እኔ በሻማም እሰፋለሁ» አለች። ፓስታ ነው የሠራችው፣ ሥጋ ገብቶበታል፣ የወሩ መጨረሻ ሆኖ ሳለ። ጸሎት እሷ ናት ሁሌም የምታደርገው። ዓይናችንን ጨፈንን። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን በእውነት መንገድ ስላሳደግክልኝ አመሰግንሃለሁ። ወንድሜንም ጥሩ ምሳሌ ስላደረግክላት ስምህ ይባረክ» አለች። አሜን ተባለ። የእኔ አሜን ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው፣ ኢፍቱ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አድርጋኝ። ጉዲቱ ደስታ ነው ያፈዘዛት፣ እኔና ኢፍቱ ደግሞ እንዳንተያይ ሁለታችንም ፓስታውን እናያለን።

ጉዲቱ የተሰፋ ዩኒፎርም ልታደርስ ስትወጣ ሳሎን ውስጥ ሁለታችን ቀረን። አሁን እነግራታለሁ አልኩ። እንዴት እንደምጀምር እንኳን አስቤ ነበር፤ «የዛሬው ነገር ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣች፣ ፍራሼ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲገባት እንደምታደርገው እስክሪብቶውን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቶኬ፣ ባቱም ነፋስ ላይኖር ይችላል አይደል? ደግሞ መምህራን ውጪ ነው የሚቆሙት ብለዋል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ የማቀርበው። ስለዚህ ባትሪውን የት ጋ እንደምትደብቀው አሳየኝ። አሁን ያጠፋኸው ሞተሩን አለመነጠልህ ነው። እኔ እንደዚህ ቢሆን ብዬ አስቤያለሁ...» ብላ መሣል ጀመረች። ባትሪ፣ አምፖል፣ ሞተር፣ ማብሪያ ማጥፊያ። ሽቦው ትክክል ነው። እኔ ከሠራሁት ይበልጣል። እንደዛ ቢደረግ አምፖሉ አዳራሹ ውስጥ ይበራል፣ ክንፉ ውጪ ጣሪያ ላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ሳይዞር ይቀራል፣ ማንም ልጅ «ነፋስ የለም እኮ» ብሎ አይጮህም።

«ምድጃሽንስ ብታቀርቢ?» አልኳት።

ከሥዕሏ ቀና አላለችም። «እሱማ ካርቶን ነው» አለች።

ይኸው ነው እንግዲህ። ሰኞ ደብዳቤዬ ይፈረማል፣ ሐሙስ ባቱ ናት። እውነቱን ብናገር እኔስ ሥራዬን ነው የማጣው፣ ይሁን፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ያስረዳችው እሷ ናት፣ ደብተሩ ላይ የተጻፈውም የእሷ ስም ነው፣ ውሸታም የምትባለው መጀመሪያ እሷ ናት፣ እናቷ ፊት፣ ክፍሏ ፊት። ዝም ብል ደግሞ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ እስክሪብቶ ይዛ ውሸቱን እንዳስተካክልላት እየጠበቀችኝ ነው፣ ያውም እንደ ቤት ሥራ፣ ደስ ብሏት። ደብተሩን አዙራ ወደ እኔ ገፋችው። «ልክ ነው ቲቸር?» አለችኝ፣ ቤት ውስጥ ሆነን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?